ጫማ ሳታስወልቁ ቆዳ አየን አትበሉ

ጥያቄ፦ «በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ አካባቢ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። የቆዳ ስፔሻሊስት የለንም። ተመላላሽ ክፍላችን ግን ቆዳዬን ያመኛል የሚል ሰው የማይመጣበት ቀን የለም። አሁን የሆስፒታላችንን ሐኪሞችና በዙሪያችን ያሉትን ጤና ጣቢያዎች የሚያሳትፍ ሥልጠና እንዳዘጋጅ ተመድቤያለሁ። ስንት በሽታ ማስተማር ይበቃል? ከየትኛውስ ልጀምር? ዴርሞስኮፕ የሚባለውን፣ ቆዳን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ማስገዛት አለብን? ምን ይመክሩናል?»

መልስ፦ ዶክተር፣ በዕድሜም በሥራም ስለምቀድምሽ አንቺ ብልሽ አትቀየሚኝ።

«ስንት በሽታ» ብለሽ ነው የጀመርሽው። ብዙ የቆዳ ሥልጠና የሚበላሸው እዚህችው ላይ ነው። አሠልጣኙ ሁለት መቶ ስላይድ ይዞ ይመጣል። ሠልጣኙ ሁለት ቀን ሙሉ ፎቶ ያያል፣ ሻይ ይጠጣል፣ አበሉን ፈርሞ ይወስዳል። ሰኞ ጠዋት ተመላላሽ ክፍል ሲገባ ያንኑ የድሮውን ቅባት ያዛል።

ሥልጠናውን በበሽታ ስም ላይ ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ላይ አቁሚው። ይህ ሰው እዚሁ ታክሞ ወደ ቤቱ ይሂድ ወይስ መቆየት የሌለበት ነው? የበሽታውን ስም በትክክል መጥራት የኔና የቆዳ ስፔሻሊስት ባልደረቦቼ ሥራ ነው። መቆየት የሌለበትን መለየት ግን ያንቺ ነው። እኛ ጋ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ፤ አንዳንዴም ዓመታት።

የቤተሰብ ሕክምና እንደ አንድ ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ተመራቂዎቹ ለአገሩ አይዳረሱም። ስለዚህ መንዝ ላይ፣ መርሐ ቤቴ ላይ፣ ይፋት ቆላ ላይ የቤተሰብ ሐኪም ማለት በተግባር አንቺ ነሽ። ጤና መኮንኑ ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ናት። ሐኪሞቹን ብቻ ሰብስበሽ እንዳታሠለጥኚ። ታካሚው መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው።

አጭር ሥልጠና ምን ይፈይዳል የሚል አለቃ ካጋጠመሽ የማሊን ነገር ንገሪው። እዚያ በጤና ጣቢያ ለሚሠሩ አጠቃላይ ባለሙያዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጠ። የተማሩት በብዛት የሚመጡትን ጥቂት የቆዳ ሕመሞች ነው። ከሥልጠናው በፊት ግልጽ ምርመራና ተገቢ ሕክምና ያገኘው ታካሚ 42 በመቶ ነበር፤ በኋላ 81 በመቶ ሆነ። የመድኃኒት ወጪውም በሩብ ያህል ቀነሰ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው እንግዲህ።

በእኛም አገር በብዛት የሚመጣውን ታውቂዋለሽ። እከክ፣ ጭርት፣ ቆረቆር፣ ችፌ፣ ቡግንጅ፣ ብጉር፣ ማድያት፣ ቋቁቻ። በነዚህ ላይ ረጅም ሰዓት አታባክኚ። እከክ ላይ የምታስተምሪው ዋናው ነገር ጥያቄው ነው፦ «ሌሊት ይብሳል? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ?» ከዚያ ቤተሰቡን በሙሉ በአንድ ቀን ማከም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል እከክ እንደ ወረርሽኝ ሲነሣ አንድ ሰው ለብቻው ማከም ዋጋ እንደሌለው ሁሉም አይቶታል። ጭርት ላይ ደግሞ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ድብልቅ ቅባት ይከልከል። ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ታካሚው ተሻለኝ ይላል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል። መልኩም ይቀየርና ቀጥሎ ያየው ሐኪም ጭርት መሆኑን አያውቀውም። ይህን ቅባት አብዛኛው ሰው የሚገዛው ያለ ማዘዣ ነውና የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችንም ጥሪያቸው። ይከፋቸዋል ብለሽ አትፍሪ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ግልጽ ይሁን። የተማርንባቸው መጻሕፍት ፎቶዎች አብዛኞቹ የነጭ ቆዳ ናቸው። መጽሐፉ «ቀይ ሽፍታ» ይላል። የእኛ ሰው ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል። አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ በእጅ ይነካ። ይሞቃል? ጠንክሯል? ቅርፊት አለው? ምርመራውም በመስኮት ብርሃን ይሁን። ብዙ ተመላላሽ ክፍሎች ውስጥ ያለው አምፖል ለደረሰኝ ማንበቢያም አይበቃም። ፎቶም ከአገራችን ታካሚ፣ በፈቃድ የተነሣ ካልሆነ አትጠቀሚ። የደጋ ብርድ የሚያመጣውንም አሳያቸው። ምድጃ ዳር ረጅም ጊዜ የሚቀመጡ እናቶች ባታቸው ላይ እንደ መረብ የተያያዘ ጥቁር ምልክት ያወጣሉ። የሙቀቱ ሥራ ነው። ጉበት ነው፣ ደም ነው ተብሎ ስንት ምርመራ የሚታዘዝበት ነገር ነው።

አሁን ወደማይቆዩት እንሂድ። ሦስት ናቸው። ከሥልጠናው ጊዜ አብዛኛውን ለነሱ ስጪ።

የመጀመሪያው ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ጥቁር ነገር ነው። ሜላኖማ ስለሚባለው የቆዳ ካንሰር ስትናገሪ በዘፋኙ ቦብ ማርሊ ጀምሪ፤ ሠልጣኝ አይረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1977 የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ያለው ነገር ሜላኖማ መሆኑ ታወቀ። በፊት የእግር ኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። ጣቱ እንዲቆረጥ አልፈለገም። በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ሜላኖማ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ውስጥ እግርን፣ መዳፍንና ጥፍር ሥርን ነው። ከፀሐይ ጋር እምብዛም አይገናኝም። ስለዚህ «ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም» የሚለው ወሬ እዚህ ጋ ሰው ይገድላል።

የእኛ ገበሬ ምን ይላል? «እሾህ ወግቶኝ ነው።» «ድንጋይ መትቶኝ ነው።» እውነቱን ነው፤ ወግቶታል፤ መትቶታል። ኮንጎ ጫማ ወይም በርባሶ አድርጎ፣ አንዳንዴም በባዶ እግሩ እያረሰ የማይወጋ የለም። ታሪኩ ትክክል መሆኑ ግን ቁስሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሠልጣኞችሽ አምስት ጥያቄ በቃላቸው ይያዙ። ቀለሙ ከአካባቢው ቆዳ ይለያል? ምርመራው አሁንም ርግጠኛ አይደለም? ይደማል? እየሰፋ ነው? ታክሞም ከሁለት ወር በላይ አልድን ብሏል? ከነዚህ ከአምስቱ ማናቸውም ሁለት ካሉ ሰውየው መላክ አለበት። ብሽሽቱ ላይ እብጠት መኖሩንም በእጅ ይፈትሹ።

ጥፍር ላይ ያለ ጥቁር መስመር ሁሉ ግን አያስደንግጣቸው። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ብዙ ጣት ላይ ቀጭን መስመር መኖሩ የተለመደ ነው። የሚያሰጋው አንድ ጣት ላይ ብቻ የወጣው፣ በጉልምስና የጀመረው፣ እየሰፋ የሄደው፣ ከጥፍሩ አልፎ ቆዳውን ያጠቆረው ነው።

አንድ ሕግ ደግሞ ያለ ምሕረት ይጠበቅ። ቆርጦ መጣል የለም። ትንሽ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ የተነሣ ሥጋ ሁሉ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይግባ። ፎርማሊኑ 10 በመቶ፣ መጠኑ ከናሙናው አሥር እጥፍ። ማቃጠልማ አይታሰብም። ሜላኖማ ላይ የሰውየውን ዕድል ከሚወስኑት ዋናው የዕጢው ውፍረት ነው፤ የሚለካውም በሚሊ ሜትር ነው። ያቃጠልሽውን ደግሞ ማንም አይለካልሽም።

ጫማ ካስወለቃችሁ አይቀር እግሩን ሙሉ እዩት። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ኖሮ የመጣ ዝሆኔ መጀመሪያ ላይ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እግር ነው። አይተላለፍም። በዚያ ደረጃ እግር መታጠብ፣ ቅባትና ጫማ ብዙ ይመልሱታል። ታካሚው እግሩን ማሳየት ያፍራል። ጭቃ ረግጦ ነው የመጣው። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሳፋ፣ ውሃና ሳሙና ይኑር። ከዴርሞስኮፕ በፊት ሳፋ ግዙ!

ሁለተኛው ስሜት የሌለው ቦታ ነው፤ የሥጋ ደዌ ማለቴ ነው። ብዙ ወጣት ሐኪም የጠፋ በሽታ ይመስለዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ እንደ ዓይነቱ 6 ወር ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ይድናል። የማይመለሰው የሞተው ነርቭ ነው።

ሕዝቡ ለምጽና የሥጋ ደዌን ያቀላቅላል። ባለሙያም ያቀላቅላል። ለምጽ ፍጹም ይነጣል፤ ስሜቱ ግን ደህና ነው። የሥጋ ደዌ ቦታ ይደበዝዛል እንጂ ፍጹም አይነጣም። መለያው ጥጥ ነው። ጫፉን ቀጭን አድርጎ ማሾር። መጀመሪያ ታካሚው ዓይኑን ገልጦ ጤነኛ ቆዳው ላይ ይሞከርለት፤ ምን እንደሚጠየቅ ይግባው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ የተነካበትን በጣቱ ያሳይ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን እጅ ይፈልጋል፤ በስላይድ አይለመድም። ሠልጣኞቹ እርስ በርስ ይለማመዱ። ክርን ጀርባ ያለውን ነርቭና ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለውን እየዳሰሱ ጤነኛው ምን ያህል እንደሚወፍር እጃቸው ይልመደው። ጤነኛውን ያላወቀ ያበጠውን አያውቅም።

ስሜት ያልጠፋበት የሥጋ ደዌም አለ፤ ይህን ሳትነግሪያቸው እንዳታልፊ። ብዙ ጀርም ያለበት ዓይነት ፊትን ያወፍራል፣ የጆሮ ጫፍን ያሳብጣል፣ የቅንድብን ጠጉር ያረግፋል። መድኃኒት ላይ እያለ ወይም ከጨረሰ በኋላም በድንገት እጁ የደከመ፣ ነርቩ ያመመው ሰው ከመጣ ድንገተኛ ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት አይቀጠርም።

ሦስተኛው የማይድን ቁስል ነው። እዚህ ላይ ቁንጭር ቀዳሚ ነው። የሚያመጣው ሌይሽማንያ ኤቲዮፒካ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚያደርሰው የአሸዋ ዝንብ ነው። ሽኮኮ የሚውልበት ገደልና ዋሻ ያለበት አገር፣ በአብዛኛው ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ። ከጣርማ በር ቁልቁል ያለውን ተዳፋት እያሰብሽ አንብቢው። አፍንጫ ወይም ጉንጭ ላይ፣ በተለይ ልጆች ላይ፣ ለወራት የቆየ፣ ብዙም የማያም እብጠት ወይም ቁስል ሲመጣ ጥያቄው «ቤታችሁ አጠገብ ሽኮኮ አለ?» ነው። ይህን ጥያቄ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ልትጠይቀው ትችላለች።

ታካሚው አንቺ ጋ ሲደርስ ቅጠል ተደርጎበታል፤ ጸበል ተጠምቋል። አትቆጪው። ጸበሉን ሳይተው መድኃኒቱንም እንዲወስድ ንገሪው። ከቻልሽ ጸበል ቦታ ያሉትን አባቶች አንድ ከሰዓት አነጋግሪ። ስሜት የሌለው እግርና የማይድን ቁስል ከኛ በፊት የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ቁንጭር አንዳንዴ ሳይቆስል ሰውነት ላይ ሁሉ እየተበተነ ያብጣል። ያኔ የሥጋ ደዌን ቁርጥ ይመስላል። በዓይን ለይቼዋለሁ የሚል ካለ እኔ አላምነውም። የሚለየው ከቆዳው ተጭሮ በሚወሰድ ናሙና ነው። ቆዳውን ቆንጥጦ ደሙን ማሸሽ፣ በትንሽ ምላጭ ስስ አድርጎ መሰንጠቅ፣ ጠርዙን ጭሮ የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ መቀባት። ያው ናሙና በአንድ ቀለም ለሥጋ ደዌ፣ በሌላው ለቁንጭር ይታያል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ባለሙያሽን ከሐኪሞቹ እኩል አሠልጥኚው። ብዙ ሥልጠና የሚረሳው ሰው እሱ ነው።

በቁስል ስም የሚመጣ ሌላም አለ። ልጅ ሆኖ ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለ ሰው፣ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ በጠባሳው ላይ ቁስል ቢያወጣ ካንሰር ይጠርጠር። ጠርዙ ከፍ ብሎ ከጠነከረ ናሙናው ከጠርዙ ይወሰድ፤ ከመሐሉ የሚወጣው የሞተ ሥጋ ነው። ቆዳቸው ቀለም የሌለው አልቢኖ ልጆችንም አስቢ። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐዩ ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ ቀላል ይመስላል። ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ለነዚህ ልጆች ማዘዣ ላይ የሚጻፍ ሕክምና ነው።

እንዴት ይሰጥ? አንድ ሙሉ ቀን በቂ መነሻ ነው። የገበያ ቀን አታድርጊው፤ ታካሚ የሚበዛበት ቀን ማንም አይለቅሽም። ጠዋት ሦስቱ የማይቆዩት፣ ከሰዓት በእውነተኛ ታካሚ ላይ ልምምድ። ለአዳራሽ የሚወጣውን ብር ለታካሚዎች ትራንስፖርት ብታውዪው እመርጣለሁ።

ዋናው ሥልጠና ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ታካሚ በፎቶ ይዞ ይምጣ። ሦስት ፎቶ፦ ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከማስመሪያ ጋር። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ። ፊት ካላስፈለገ ይሸፈን፤ ስም አይጻፍ፤ ፈቃድ ይጠየቅ። ቴሌግራም ላይ የምትላላኩ ከሆነ ቡድኑ የተዘጋና የምትተዋወቁበት ይሁን። መቶ ሰው ያለበት ቡድን ውስጥ የሰው ገላ አይለቀቅም።

ሌላው ሰው ከመናገሩ በፊት ሁሉም ግምቱንና ውሳኔውን ወረቀት ላይ ይጻፍ። እዚሁ ይታከም ወይስ ይላክ? ካልተጻፈ ሁሉም «እኔም እንደዛ አስቤ ነበር» ይላል። የፓቶሎጂው (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ክፍል) ወይም የስፔሻሊስቱ መልስ ሲመጣ ያው ወረቀት ይወጣል። ሰው የሚማረው እዚህች ላይ ነው። ችግሩ መልሱ አይመጣም። ታካሚው ሪፈር ተጽፎለት ከደብረ ብርሃን እንኳ 130 ኪሎ ሜትር የሚርቀው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አለርት ወይም ሌላ ሆስፒታል ይታያል፤ ምን እንደተባለ ላኪው አያውቅም። ሪፈር መጻፍ ብቻውን ማንንም አስተምሮ አያውቅም። አንድ ደብተር ክፈቺ። የተላከው ሰው ሁሉ ከነስልኩ ይመዝገብ፤ ደብተሩም ይቆለፍበት። በወሩ አንዷ ነርስ ደውላ ትጠይቅ፤ ወረቀቱን ይዞ እንዲመጣ ትንገረው። በዚያውም ብር አጥቶ ያልሄደውን ታገኚዋለሽ። እንዲህ ያለ ሰው ከምትገምቺው በላይ ነው።

ዴርሞስኮፕን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ዓመት አትግዙ። መሣሪያው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። አሥር እጥፍ እያጎላ የቆዳውን ነጸብራቅ አጥፍቶ ከሥር ያለውን ቀለም ያሳያል። ውስጥ እግር ላይማ ግሩም ነው። የእግር አሻራ ጉብታና ስርጉድ መስመሮች አሉት። ቀለሙ ስርጉዱን ተከትሎ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ጉብታውን ከተከተለ ሜላኖማ ይጠረጠራል። ይህን ለመለየት ግን የጤነኛውን መልክ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ሳይለማመድ የያዘው ሰው ደግሞ ሁለት አደጋ አለው፤ ወይ ሁሉንም ይልካል ወይ መላክ የነበረበትን «በመሣሪያ አይቼዋለሁ» ብሎ ያስቀራል። የኋለኛው ይብሳል። ለአሁኑ የ4 ሚሊ ሜትር ባዮፕሲ (የቆዳ ናሙና) መውሰጃ፣ ምላጭ፣ ፎርማሊንና መስታወት ይግዙላችሁ። በሁለተኛው ዓመት ደብተሩን አይተሽ፣ ትጉ ለሆኑ ሁለት ሰዎች አንድ ዴርሞስኮፕ አስገዢ። ለሁሉም አይሁን። ለሁሉም የሆነ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ባትሪው አልቆ ነው የሚገኘው።

ሥልጠናው መሥራቱን በፈተና ወረቀት አትለኪው። ፈተና ሁሉም ያልፋል። ከስድስት ወር በኋላ የተመላላሽ መዝገቡን አውጪ። «የቆዳ ሕመም» ተብሎ ብቻ የተጻፈው ቀንሷል? የስቴሮይድ ቅባት ትእዛዝ ቀንሷል? ወደ ፓቶሎጂ የተላከ ናሙና አለ? የስሜት ምርመራ ውጤት ካርድ ላይ ተጽፏል? ከዚያ አንድ ቀን ሳትነግሪያቸው ተመላላሽ ክፍል ገብተሽ ቁጭ በይና ስንት ታካሚ ጫማውን እንዳወለቀ ቁጠሪ።